ከልካዩ ማን ነው? በወረርሽኝ ጊዜ ስለሚደረግ ሰላማዊ ሰልፍ

ሰላማዊ ሰልፍ የሚወጣ ሰው ወደ አደባባይ ይዞ የሚሄደው ምንድን ነው? ሐሳቡን ነው እንዳንል፣ ሐሳብ በደብዳቤም በስልክም በጋዜጣም ይደርሳል። ቁጣውን ነው እንዳንል፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦም ይቆጣል። ብዛቱን ለማሳየት ነው ብንል፣ ብዛት በፊርማም ይታያል። ሰልፈኛው ብቻ ሊያመጣው የሚችለው፣ ሌላ ምንም ነገር የማይተካው፣ ራሱ መገኘቱ ነው፤ የሚደክም፣ የሚጠማ፣ ሊታሰርና ሊደበደብ የሚችል ገላውን ይዞ መምጣቱ ነው። አንድ ሹም የቀረበለትን ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ሊከተው ይችላል፤ ደጁ ላይ የቆመን ሰው ግን ወይ ያነጋግረዋል፣ ወይ ያባርረዋል፣ ወይ እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። ሦስቱም መልስ ናቸው፤ ሦስቱንም ሌላ ሰው ያያቸዋል። በአገራችን የተበደለ ሰው እርሻውን ጥሎ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ የቀናት መንገድ ተጉዞ ከመኳንንቱና ከነገሥታቱ ዘንድ ደጅ ይጠና የነበረው፣ ንጉሡ ብቅ ሲሉ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮህ የነበረው፣ በደሉን የሚጽፍለት አጥቶ ብቻ አልነበረም። መምጣቱ ራሱ ማስረጃ ስለነበረ ነው። ይህን ያህል ርቆ የመጣ፣ ይህን ያህል የጠበቀ ሰው አንዳች እውነት ቢኖረው ነው ይባል ነበር።

ይህን ካየን ወረርሽኝ ለሰልፍ መብት ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ይገባናል። በሽታው የመጻፍንና የመናገርን ነፃነት ከዳር ይነካው ይሆናል እንጂ ከሥሩ አያናጋውም፤ ጽሑፍ በሽታ አያስተላልፍም። የሰልፍን መብት ግን የሚያገኘው ልቡ ላይ ነው። ሰልፍን ሰልፍ የሚያደርገው የገላ መገኘትና የብዙዎች መቀራረብ ሲሆን፣ በሽታው የሚሸጋገረውም በዚሁ በገላና በመቀራረብ ነው። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲስፋፋ በየአገሩ የተነሣው ጥያቄ ጤናና ነፃነት የተባሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሚዛን ላይ ሲቀመጡ የትኛው ይከብዳል የሚል ብቻ አልነበረም። አንድና ያው ነገር፣ ሰው ከሰው አጠገብ መቆሙ፣ በአንድ ጊዜ ምስክርነትም አደጋም ሆነ። ምስክርነቱን ጠብቆ አደጋውን ብቻ ቆርጦ መጣል ይቻላል የሚል ሰው ነገሩን አቅልሎታል፤ አደጋ አለበትና ምስክርነቱ ይቅር የሚልም እንዲሁ።

አስቀድሜ አደጋውን ልመልከት፤ ለመብት የሚቆረቆር ሰው ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ፈጥኖ ያልፈዋልና። የሰላማዊ ተቃውሞ የሞራል ኃይል የሚመነጨው ተቃዋሚው መከራውን በራሱ ላይ ከመውሰዱ ነው። የረሃብ አድማ የመታ እስረኛ የሚራበው ራሱ ነው፤ በዱላ ፊት እጁን አጣምሮ የቆመ ሰው የሚመታው ራሱ ነው። «ሕይወቴን ለእውነት እሰጣለሁ» የሚል ሰው የሚከበረው የሰጠው የራሱን ስለሆነ ነው። ወረርሽኝ ይህን መሠረት ያፈርሰዋል። ሰልፈኛው የሚያስይዘው የራሱን ሕይወት ብቻ መሆኑ ይቀራል። ማታ በር የምትከፍትለት እናቱ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ተሳፋሪ፣ በማግስቱ ገንዘብ ከእጁ የምትቀበለው ባለሱቅ፣ አንዳቸውም ሰልፉን አልመረጡትም፤ ምናልባትም ዓላማውን ይቃወሙት ይሆናል። መሣሪያ ያልያዘ፣ ድንጋይ ያልወረወረ፣ ክፉ ቃል እንኳ ያልተናገረ ሰው፣ በትንፋሹ ራሱ የማያውቀውን ነገር ተሸክሞ ሊመለስ ይችላል። ታዲያ ይህ ሰልፍ ሰላማዊ ነው?

ነው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ይህን መልስ የሚሰጥ ሰው ግዴታም አብሮ ይቀበላል። ጥቃት የምንለው ነገር ሐሳብ ያለበት፣ ወደ ሰው የተሰነዘረ ነው። አደጋ ግን አብሮ ከመኖር የማይለይ ነው፤ መኪና የሚነዳ ሁሉ ለእግረኛ አደጋ ቢሆንም ነፍሰ ገዳይ አንለውም። ጠጥቶ ከነዳ ግን «መጉዳት አላሰብኩም» ማለቱ አያድነውም። ሰልፈኛውም የሚጠየቀው አደጋ በመፍጠሩ ሳይሆን አደጋውን ለመቀነስ በእጁ ያለውን ሁሉ ባለማድረጉ ነው። ይህ ደግሞ የሚቻል ነገር መሆኑ ገና በወረርሽኙ መጀመሪያ ታይቷል። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በቴል አቪቭ ራቢን አደባባይ ሺዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁን ለመቃወም ሲወጡ መሬቱ ላይ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ከጎረቤቱ ሁለት ሜትር ርቆ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ብዙዎቹም ጥቁር ባንዲራ ይዘው ቆሙ። ከላይ የተነሣው ፎቶግራፍ በዓለም ዞረ። እኔን የሚያስደንቀኝ የመስመሩ ማማር አይደለም። እነዚያ ሰዎች በመካከላቸው ባዶ ቦታ በመተው፣ እዚያ ለሌለውና ላልመረጠው ሰው ቦታ ሰጥተውት ነበር። ባዶው ሁለት ሜትር የእናትየዋ፣ የተሳፋሪው፣ የባለሱቋ ነበር። ቫይረሱ ደጅ ላይ የሚተላለፍበት መጠን ከቤት ውስጥ በብዙ እንደሚያንስ በኋላ ሲረጋገጥ ደግሞ ጥንቃቄው ከንቱ እንዳልነበረ ታወቀ።

ይሁን እንጂ አደጋው እውነት ነው ማለት ክልከላው ልክ ነው ማለት አይደለም። በሁለቱ መካከል አንድ ጥያቄ አለ፤ ከሰልፉ ሌላ የተፈቀደው መሰባሰብ ምንድን ነው? በስዊዘርላንድ ከመጋቢት እስከ ግንቦት 2012 ዓ.ም. ሕዝባዊ ስብሰባ ሁሉ ሲከለከል የሥራ ቦታዎች ግን፣ ብዙ ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚውሉባቸው ሳይቀሩ፣ ክፍት ነበሩ። የጄኔቫ ሠራተኛ ማኅበራት የሜይ ዴይ ሰልፋቸውን ትተው ጉዳዩን ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የፍርድ ቤቱ አንድ ችሎት መብታቸው ተጥሷል ብሎ ፈረደ፤ በ2023 ታላቁ ችሎት አመልካቾቹ በአገራቸው ያለውን የፍርድ መንገድ ሳይጨርሱ መጥተዋል ሲል አቤቱታውን ሳይቀበለው ቀረ። ሕጉ በዚህ ቢዘጋም ሐሳቡ ክፍት ነው። ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ከሠራተኛ አጠገብ መቆም ከቻለ፣ ስለ ሥራው ለመናገር አጠገቡ መቆም የሚከለከለው ለምንድን ነው? ዳቦ ያስፈልጋል፣ ሰልፍ ግን ይቆያል የሚል ምላሽ ይመጣል። ይህ ምላሽ ጤናን አይመለከትም፤ ምን ያስፈልጋል ምን አያስፈልግም የሚል ፍርድ ነው። ሐኪም የበሽታን መተላለፍ ሊነግረን ይችላል፤ ለሰው ምን እንደሚያስፈልገው ግን ከላቦራቶሪ የሚወጣ ውጤት አይደለም።

ያ የራቢን አደባባይ እሑድ የኛ ፋሲካ ነበር። በኢትዮጵያ ብዙ ምእመናን የዚያን ዓመት ትንሣኤ ከቤታቸው ሆነው፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እየተከታተሉ አሳለፉት። ስለዚህ «እኔ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስከለከል ሌላው አደባባይ እንዴት ይፈቀድለታል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በእስራኤልም ይኸው ጥያቄ በሚቀጥለው መስከረም በኃይል ተነሣ። ሁለተኛው የእንቅስቃሴ እገዳ የጀመረው በአይሁድ አዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር፤ በምኩራብ የሚጸልየው ሰው ቁጥር ተገደበ፤ በኢየሩሳሌም ባልፎር መንገድ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ደጅ ግን በሙስና ተከሰው ፍርድ ቤት የቀረቡት መሪ ይውረዱ የሚሉ ሺዎች በየሳምንቱ ይሰበሰቡ ነበር። አማኙ ሲቆጣ ቅናት ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው። ጥያቄው የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ ቀጥተኛ መልስም ይገባዋል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያው መልስ ጸሎት ከቤትም ይደረጋል፣ ሰልፍ ግን ከቤት አይደረግም የሚል ነው። ይህ መልስ ደካማ ነው። ለሚያምነው ሰው ቅዳሴ ካህናትና ዲያቆናት በአንድነት ካልቆሙ አይቀደስም፤ ሥጋ ወደሙ በስክሪን አይቀበሉትም። በአይሁድ ሥርዓትም የማኅበር ጸሎት አሥር ሰው ይፈልጋል። እንግዲህ እዚያም የገላ መገኘት ጌጥ ሳይሆን መሠረት ነው፤ በዚህ በኩል አማኙና ሰልፈኛው ወንድማማቾች ናቸው። ሁለተኛው መልስ ሰልፍ የዴሞክራሲ ምሰሶ ስለሆነ ይበልጣል የሚል ነው። ይህም አያጠግበኝም፤ እምነቱ የሕይወቱ ምሰሶ የሆነለት ሰው «ለማን ይበልጣል?» ቢል መልስ የለኝም፤ የነፍስን ነገርና የአደባባይን ነገር በደረጃ የሚያስቀምጥ መንግሥትም አልመኝም። ሰልፍ ከጸሎት ስለሚከብር ልዩ ጥበቃ ይገባዋል የሚለውን ሐሳብ እንግዲህ ትቼዋለሁ።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጸሎት የሚቀርብለት አምላክ ነው፤ ጸሎቱን የሚገድበው ግን ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትሩ ምኩራብን ወይም ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ሊሳሳት ይችላል፣ ሊደፍር ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ የሚነገረው ነገር በአብዛኛው ወደ እሱ የተላከ ስላልሆነ ከዝምታው የሚያተርፈው የለም። ሰልፍ ግን የሚቀርብለትና የሚከለክለው አንድ ሰው ነው። «ውረድ» የሚባለው ሰው «በሽታ አለና አትምጡ» የሚለውም ራሱ ነው። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልቡም ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ግን እኛም እሱም ራሱ ልቡን የምናረጋግጥበት መንገድ የለንም። የሚፈራውና የሚጠቅመው ነገር በአንድ ቃል ውስጥ ተጠላልፈዋልና። ተከሳሽ በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም የሚለውን ሥርዓት ያቆምነው ተከሳሽ ሁሉ ሐሰተኛ ስለሆነ አይደለም። እውነተኛው እንኳ በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ከሐሰተኛው ስለማይለይ ነው። የሰልፍ መብት በወረርሽኝ ጊዜ የሚፈልገው እንግዲህ ከሌሎች መብቶች የበለጠ ክብር ሳይሆን ሌላ ዳኛ ነው።

ይህን ለማየት የእስራኤል ፓርላማ መስከረም 20 ቀን 2013 ዓ.ም. ያጸደቀውን ማሻሻያ መመልከት ይበቃል። በእገዳው ወቅት ማንም ሰው ሰልፍ ለመውጣት ከቤቱ ከ1,000 ሜትር በላይ እንዳይርቅ መንግሥት ሊወስን ይችላል ተባለ፤ መንግሥትም ወዲያው ወሰነ፤ በአንድነት የሚቆሙትም ከ20 እንዳይበልጡ ታዘዘ። ሲታይ ፍትሐዊ ነው፤ ለሁሉም እኩል 1,000 ሜትር። ነገር ግን ሥልጣን በሁሉም ሰው ሰፈር እኩል አይቀመጥም። በባልፎር አካባቢ የሚኖር ሰው በእግሩ ደርሶ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ይጮህላቸዋል፤ በቂርያት ማላኺ ወይም በኔቲቮት የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ደግሞ ለጎረቤቱ ይጮህለታል። ይህ ገደብ ቀደም ብሎ ኖሮ ቢሆን ብዬ አስባለሁ፦ ሰኔ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላዊው ወጣት ሰሎሞን ተካ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ በነበረ ፖሊስ ጥይት ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ መገናኛ መንገዶችን የዘጉት ወጣቶች ከየቤታቸው 1,000 ሜትር ብቻ እንዲሄዱ ቢታዘዙ ማን ያያቸው ነበር? ስለ በደላቸው የሚነገረው ከበደሉ ርቆ፣ ከሹሙም ርቆ፣ እርስ በርስ ነው። እኩል ርቀት የደሃውን ሰፈር አጥር ያደርገዋል። የባልፎር ሰልፈኞች ግን መላ አላጡም፤ በየሰፈራቸው ባሉ ድልድዮችና መጋጠሚያዎች ላይ፣ በመላ አገሪቱ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ቆሙ። ከወራት በኋላም፣ ክልከላው ጊዜው አልፎበት ከተረሳ በኋላ፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገደቡ ሕገ ወጥ እንደነበር ወሰነ። መልካም ፍርድ ነው፤ ግን ሰልፍ የራሱ ቀን አለው። ላለፈው መስከረም የተሰጠ ፈቃድ የሚወጣበት አደባባይ የለውም።

ዳኛ ያስፈልጋል ስል ግን ስለ ሰልፉ ዓላማ የሚፈርድ ዳኛ ማለቴ አይደለም፤ እዚህ ላይ ወዳጆቼን ላስቀይም እችላለሁ። ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዚያ ግዛትም በሌሎችም ከተሞች ሕዝብ ጎርፎ ወጣ። ከሳምንታት በፊት ሰው ሁሉ ከቤቱ እንዳይወጣ ሲመክሩ ከነበሩት የጤና ባለሙያዎች ከሺህ በላይ የሚሆኑት በፈረሙት ደብዳቤ ዘረኝነት ራሱ ገዳይ የጤና ችግር ስለሆነ ሰልፉን እንደሚደግፉ ገለጹ፤ የእንቅስቃሴ እገዳውን የሚቃወሙ ሰዎች ሰልፍ ግን በዚህ ዓይን እንደማይታይ አከሉ። ልቤ ከመጀመሪያዎቹ ሰልፈኞች ጋር ነው። ዝም ማለትም ይገድላል የሚለው ሐሳባቸውም እውነት ነው፤ ቤት መቀመጥ አደጋ የሌለበት የሚመስለው ቤቱ አደጋ ላልሆነበት ሰው ነው። ግን ደብዳቤው አንድ በር ከፈተ፤ የመሰብሰብ መብት በዓላማው መልካምነት ሊመዘን ይችላል አለ። ቫይረሱ መፈክር አያነብም። መፈክር የሚያነበው ፈቃድ ሰጪው ነው። ዛሬ መልካሙን ዓላማ አንብቦ የሚያሳልፍ ሹም ነገ የእኔን አንብቦ ይከለክላል፤ የሚያነብበትም መነጽር የራሱ ነው። ስለዚህ ሥራዬን አጥቻለሁ፣ ሱቄ ተዘግቷል፣ እገዳው ይነሣልኝ ብሎ የሚወጣው ሰው፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል የተሳሳተ ቢመስለኝ፣ ርቀቱን ከጠበቀ ከሌላው እኩል መቆም አለበት። ይህን ማለት ይከብደኛል፤ ካላልኩት ግን ከላይ ያልኩት ሁሉ ለወገኔ የተቆረጠ ጥብቆ ይሆናል።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። ሰልፈኞች ራሳቸው ለሰው ሕይወት ብለው አደባባዩን ቢለቁስ? አልጄሪያውያን ይህን አድርገዋል። ከየካቲት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከዓመት በላይ አርብ አርብ ይወጡ የነበሩት የሂራክ ሰልፈኞች መጋቢት 2012 ላይ በሽታው ሲገባ ሰልፉን አቆሙ። ለሕዝብ ጤና ከዚህ የበለጠ ታማኝነት አላውቅም፤ «ሥርዓት የለሾች» ለሚሏቸውም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረም። ባዶው ጎዳና ግን ለሌላ ነገር ተመቸ። በእረፍቱ ወራት የንቅናቄው ሰዎች መታሰራቸው ቀጠለ፤ ሰልፉን ሲዘግብ የነበረው ጋዜጠኛ ኻሌድ ድራሬኒ ነሐሴ ላይ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። አንዱ ወገን መሣሪያውን ሲያስቀምጥ ሌላው ካላስቀመጠ የጤና እርቅ የሚባል ነገር የለም። ሕዝብ ለወረርሽኝ ሲል አደባባዩን ቢያበድር፣ ተበዳሪው መንግሥት በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰልፈኛውን ማሳደድ የማይችልበት ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። ይህ ግዴታ ከሌለ ሕዝብን «ታገሡ» ማለት እጃችሁን ስጡ ማለት ነው።

ወደ እኛው ነገር ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም መሰብሰብን፣ ሰልፍ ማድረግንና አቤቱታ ማቅረብን በአንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። አንቀጽ 93 ደግሞ የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሰት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንዲታወጅ ይፈቅዳል፤ በዚያን ጊዜ እንኳ የማይነኩትን ድንጋጌዎች ሲዘረዝርም አንቀጽ 30ን አያነሣም። ስለዚህ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. አዋጁ ወጥቶ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል የሕጉ በር ክፍት ነበር። የሕክምና አቅሟ ውስን በሆነ አገር ላይ የወደቀውን ፍርሃትም ማንም ማቃለል የለበትም። ነገር ግን ከአዋጁ ከቀናት በፊት ለነሐሴ 23 ታስቦ የነበረው አገራዊ ምርጫም በዚሁ በሽታ ምክንያት እንዲራዘም ተወስኖ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ እንያቸው። ሕዝብ መንግሥቱን የሚያናግርበት አንዱ ቀን የምርጫ ቀን ነው፤ ሌላው ቀን ሁሉ የአደባባይ ነው። ምርጫ ሲራዘም አደባባዩ ያንን ሸክም ይሸከማል፤ መንግሥት በሕዝብ ድምፅ ያልታደሰ ሥልጣን በያዘ መጠን ሕዝቡን ደጁ ላይ መስማት ይበልጥ ይገባዋል እንጂ አያንስም። በበሽታው ስም ግን ሁለቱም በሮች በአንድ ቁልፍ ተዘጉ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ምክንያት ነበረው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን «መራዘሙን እቃወማለሁ» ለማለት የሚወጣ ሰው የሚወጣበት ደጅ አልነበረም።

በዚያው ክረምት የሆኑ ሁለት ነገሮችን ማንሳት ግድ ይለኛል። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በተከተለው ሁከት ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። በዚያ ወቅት ቤት ያቃጠለና ጎረቤቱን የገደለ ሰው እኔ የምናገርለትን መብት አልተጠቀመም፤ መብቱን በደም አረከሰው። ነገር ግን በዚያው ሰሞን እንባውን ብቻ ይዞ የወጣ ሰውም ነበር፤ የሁለቱ ስም አንድ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ሐምሌ 26 ቀን ደግሞ የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ደስታ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሞላ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ባንዲራ እያውለበለበ፣ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ወጣ። አዋጁ ያን ጊዜም በሥራ ላይ ነበር። በዚያ ደስታ አልቆጭም፤ የእኔም ደስታ ነበር። የምጠይቀው ሌላ ነው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አይነኩም ካላቸው ጥቂት ድንጋጌዎች አንዱ አንቀጽ 25 ነው፤ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ናቸው የሚለው። የመሰብሰብ መብት ሊታገድ ይችላል፤ እኩልነት ግን አይታገድም። እንግዲህ ለደስታ የተከፈተ ጎዳና ለቅሬታ የሚዘጋበት ሕጋዊ ምክንያት ከየት ይመጣል? ቫይረሱ ደስ ካለው ሰው አይሸሽም። የምሥጋና ሰልፍ የተፈቀደበት ቀን የአቤቱታ ሰልፍም ሊፈቀድበት ይገባ ነበር፤ ሁለቱም አደገኛ ናቸው ከተባለ ሁለቱም ሊቀሩ ይገባ ነበር። መንግሥት በእውነት ለጤና መፍራቱን የሚያስረዳው የሚነቅፉትን በመከልከሉ አይደለም፤ የሚያመሰግኑትንም «ዛሬ አትምጡልኝ» ማለት ሲችል ነው።

ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ነገር ለመወሰን ጊዜ የለውም የሚሉ አሉ። ግንቦት 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በሲድኒ የአቦርጂናል ተወላጆችን በእስር ቤት መሞት ለመቃወም የተጠራውን ሰልፍ፣ በዋዜማው አንድ ዳኛ ለጤና ሲሉ ሳይፈቅዱት ቀርተው ነበር፤ በማግስቱ የይግባኝ ችሎት ተሰይሞ ሰልፉ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ፈቀደው። የመጀመሪያው ዳኛ ተሳስተው ይሆናል፤ ይግባኝ ሰሚዎቹም ተሳስተው ይሆናል። ነገር ግን ከልካዩም ፈቃጁም ሰልፉ ያነጣጠረበት ሰው አልነበረም፤ የተወሰነውም ሰልፈኛው ገና አደባባይ ሳለ እንጂ ዓመት ቆይቶ አይደለም።

እኛም ዘንድ የሚቀጥለው አዋጅ ሳይመጣ አይቀርም፤ በሽታ አይጠፋም። ያን አዋጅ የምታረቅቁ የሕግ ሰዎች፣ የምታጸድቁትም የምክር ቤት አባላት፣ ይህን እለምናችኋለሁ፦ ሰልፍ የሚከለከልበት ድንጋጌ ስትጽፉ የክልከላው ጊዜ በሳምንታት ይቆጠር እንጂ ከአዋጁ ጋር አብሮ አይንከባለል። ክልከላውን የሚያጸናው ዳኛ ይሁን እንጂ ሰልፉ የሚደረግበት ባለሥልጣን አይሁን፤ ዳኛውም ከሰልፉ ቀን በፊት ይወስን። ለድጋፍ የተፈቀደ ለተቃውሞም የተፈቀደ ይሁን። ሰልፍ የምትጠሩ ሰዎችም መሬቱ ላይ ምልክት አድርጉ፣ አፋችሁን ሸፍኑ፣ ከሰልፉ በኋላ ለቀናት ከሽማግሌዎች ራቁ፤ ያልመረጣችሁ ሰው በእናንተ መካከል ቦታ ይኑረው። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ከልካያችሁ ሲመጣ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁት፤ ጽሑፉንም ይዛችሁ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።